ጊኒ ፒግዎ ብቻውን አይቅር፦ አዲስ ጓደኛ የማላመድ መመሪያ

በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ አበሻ፣ "ውሻ ካልገዛችሁልኝ ጊኒ ፒግ ግዙልኝ" የሚለውን ልመና አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ወላጅም ቦታ የማይፈጅ፣ ለኪስ የማይከብድ እንስሳ ነው ብሎ እሺ ይላል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ተገዝቶ የሚመጣው አንድ ብቻ ነው፤ ወይም ሁለት መጥተው አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ይቀራል።

ጊኒ ፒግ ግን የብቸኝነት እንስሳ አይደለም። ከሺህ ዓመታት በፊት ያላመዱት በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የዱር ዘመዶቹ ዛሬም በሣር መካከል በትንንሽ ቡድን ይኖራሉ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ያለ ወገኑ ለብቻው ማኖርን ከልክላለች። ልጅዎ ቢያቅፈውና ቢያጫውተው መልካም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አብሮት ድርቆሽ የሚያመነዥክ፣ ሲጮህ በራሱ ቋንቋ የሚመልስለት ግን ሌላ ጊኒ ፒግ ብቻ ነው። ጥንቸልም አይተካውም። የኋላ እግሯ ጠንካራ ስለሆነ ልትጎዳው ትችላለች፤ እሷን ሳያሳምም እሱን ለሳንባ ምች የሚዳርግ ባክቴሪያም ልታስተላልፍበት ትችላለች።

ጓደኛ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ማስማማት ሌላ። አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው በጥድፊያና በገላጋይነት ነው። ሰው ያለ ዝግጅት ሁለቱን ጠባብ ቤት ውስጥ ይከትታቸዋል፤ ሲያጉረመርሙና ሲሳደዱ ደግሞ ደንግጦ ይለያያቸዋል። እነሱ ግን ማን አለቃ፣ ማን ተከታይ እንደሚሆን ሳይወስኑ ሰላም አያገኙም። ውሳኔው ሊቋጭ ሲል በተለያዩ ቁጥር ጭቅጭቁን ከዜሮ ይጀምሩታል። ስለዚህ የእርስዎ ዋና ሥራ ያለው ከመገናኘታቸው በፊት ነው። በዕለቱ የሚጠበቅብዎ በአብዛኛው እጅዎን ሰብስቦ መቀመጥ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚስማማውን ጥምረት ይምረጡ

ከሁሉ የሚቀለው የተኮላሸ ወንድና አንዲት ወይም ከዚያ በላይ ሴቶች ማኖር ነው። ወንዱ ሴቶቹን ይመራል፤ በመካከላቸው ያለውንም ንትርክ ይቀንሳል። ሁለት ሴቶችም አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ።

ሁለት ወንዶች በሰላም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፣ በአካባቢያቸውም የሴት ሽታ መኖር የለበትም። ሦስት ወንዶችን አንድ ላይ ማኖር ግን ችግርን መጋበዝ ነው፤ ሁለቱ ሲወዳጁ ሦስተኛው መባረሩ የተለመደ ነው።

ዕድሜም ይታሰብበት። ለብዙ ጊዜ ብቻውን የኖረ ትልቅ ወንድ ካለዎት፣ ከእኩያው ይልቅ ገና ያልጎረመሰ ትንሽ ወንድ ሊቀበል ይችላል፤ ትንሹ ሥልጣኑን አይገዳደረውምና። ይሁን እንጂ ወንዶች ከ4 ወር ገደማ አንስቶ እስከ ዓመት ድረስ በጉርምስና ዘመን ስለሚያልፉ፣ ዛሬ አንገቱን የደፋው ትንሽ ከወራት በኋላ ሊነሳ እንደሚችል ከአሁኑ ይወቁ። በጀርመን የሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኖርበርት ዛክሰርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ከትልልቆች ጋር በቡድን ያደጉ ወንዶች ከማያውቁት ወንድ ጋር ሲገናኙ ይረጋጋሉ፤ ለብቻቸው ወይም ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ያደጉት ግን ለጠብ ይፈጥናሉ። ወገንን ማክበርም የሚማሩት ነገር ነው ማለት ነው። በመሆኑም የሚያመጡት እንስሳ እንዴትና ከእነማን ጋር እንዳደገ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሱቅ ከመግዛት በፊት በአካባቢዎ ያለ የእንስሳት መጠለያን ያነጋግሩ። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ መጠለያዎች የእርስዎን ጊኒ ፒግ ይዘው ሄደው እዚያው ከብዙዎች መካከል የሚስማማውን እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ካልተስማሙም መልሰው ይቀበሉዎታል። ይህ ከሱቅ የማይገኝ ዋስትና ነው።

ደረጃ 2፦ ፆታውን በራስዎ ያረጋግጡ

"ሁለቱም ሴቶች ናቸው" የተባሉ ጥንዶች ግልገል የሚወልዱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የሻጩን ቃል ብቻ አይመኑ፤ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ሐኪሙ ከብልቱ በላይ በኩል በቀስታ ሲጫን ወንድ ከሆነ ብልቱ ብቅ ይላል።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ጊኒ ፒግ በጣም ፈጥኖ ለመራባት ስለሚደርስ ነው። ወንዱ በ3 ሳምንቱ፣ ሴቷ በ4 ሳምንቷ ገደማ መዋለድ ይችላሉ። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይወስዳል፤ ሴቷ በወለደች በሰዓታት ውስጥ ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ከ6 ወይም ከ7 ወር ዕድሜዋ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታረግዝ ሴት የዳሌዋ መገጣጠሚያ ስለሚጠነክር ምጡ ለሞት ሊያደርሳት ይችላል።

ወንዱን ካስኮላሹ በኋላም ወዲያው ከሴት ጋር አያገናኙት። በውስጡ የቀረ ዘር ስለሚኖር እስከ 6 ሳምንት ድረስ ማስረገዝ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ለይተው ያቆዩ

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እንግዳው በመጣበት ቀን ከነባሩ ጋር አይገናኝ። በሌላ ክፍል፣ በራሱ ቤት፣ በራሱ ሳህንና የውሃ ጠርሙስ ይቀመጥ። ከሱቅ የመጣ እንስሳ ጤነኛ መስሎ ሳለ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ የእከክ ተባይ፣ ቅማል ወይም ጭርት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጭርት ከእንስሳው ወደ ልጆችም የሚጋባ ነው።

በእነዚህ ሳምንታት የሚከተሉትን ያድርጉ፦

• ሁልጊዜ መጀመሪያ ነባሩን፣ ቀጥሎ እንግዳውን ይመግቡና ያጽዱ፤ ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
• ማስነጠስ፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የፀጉር መነቀል፣ ማሳከክ ወይም ተቅማጥ ካዩ ሐኪም ጋር ይውሰዱት።
• በወጥ ቤት ሚዛን በሁለት ቀን አንዴ ይመዝኑትና ቁጥሩን ይጻፉ። ሴት ከሆነችና ክብደቷ በፍጥነት የሚጨምር ከሆነ አርግዛ ሊሆን ይችላል።
• ከእጅዎ እንዲበላ ያለማምዱት። ከእርስዎ የማይሸሽ እንስሳ በመገናኛው ቀን አንድ ፍርሃት ቀነሰለት ማለት ነው።

አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ የሰው መድኃኒት በራስዎ ፈቃድ አይስጡ። አሞክሳሲሊንና መሰሎቹ የጊኒ ፒግን የአንጀት ባክቴሪያ ሚዛን አዛብተው ሊገድሉት ይችላሉ።

እንግዳው መጠለያ ውስጥ ተለይቶ የቆየና በሐኪም የታየ ከሆነ ይህን ጊዜ ማሳጠር ይቻላል። ገና ሕፃን የሆነ ግልገልን ለሳምንታት ብቻውን ማቆየት ስለሚጎዳው፣ ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር ጥንድ አድርጎ ማምጣት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ የጋራ ቤቱን አስቀድመው ያዘጋጁ

ብዙ ጠብ የሚነሳው ከጠባይ ሳይሆን ከቦታ ጥበት ነው። ተሸናፊው የሚሸሽበት ካጣ መዋጋት ግዴታው ይሆናል። በሱቆች የሚሸጡት ትንንሾቹ የሽቦ ቤቶች ለአንድ እንኳ አይበቁም። ለሁለት ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ወለል ያዘጋጁ፤ ሁለቱም ወንዶች ከሆኑ ከዚያ ያስፉት። ፎቅ መደራረብ የወለሉን ስፋት አይተካም፤ ጊኒ ፒግ ሯጭ እንጂ ተንጠላጣይ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ሁለት ይሁን፤ ሁለት የውሃ ጠርሙስ፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት የድርቆሽ ክምር፣ ሁለት መደበቂያ። ተራርቀው ይቀመጡ፤ አለቃው አንዱን ሲጠብቅ ሌላኛው ከሁለተኛው እንዲጠቀም። መደበቂያዎቹ መግቢያና መውጫ ያላቸው ይሁኑ። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ወጥመድ ነው፤ ሯጩ ገብቶ ሲዘጋበት መውጫ ያጣል። ካርቶን በሁለት በኩል ቀዶ መገልበጥ በቂ ነው።

ነባሩ ይኖርበት የነበረውን ቤት የሚጠቀሙ ከሆነ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥተው ይጣሉ፤ ወለሉንና ግድግዳውን አቼቶ በውሃ በጥብጠው ይጠቡት። ጊኒ ፒግ መቀመጫውን ወለል ላይ እየጎተተ በራሱ ሽታ ምልክት ያደርጋል። ያ ሽታ እስካለ ድረስ ቤቱ የነባሩ ነው፣ የገባውም ወራሪ ነው። የዕቃዎቹንም አቀማመጥ ይለዋውጡ።

ደረጃ 5፦ የማንም ባልሆነ ቦታ ያገናኟቸው

ሥራ የሌለዎትን ቀን ይምረጡና በጠዋት ይጀምሩ። ከፊትዎ ብዙ የቀን ሰዓት ያስፈልግዎታል። ውሻና ድመት ካለ በር ይዘጋበት፤ ልጆች በዝምታ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ፣ እጅ መስደድ ግን አይፈቀድም። የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሙቀት ጊኒ ፒግን ቶሎ ያደክማል።

ሁለቱም ረግጠውት የማያውቁት ወለል ላይ 2 ካሬ ሜትር ገደማ በሽቦ አጥር ወይም በካርቶን ይከልሉ። የማያንሸራትት ምንጣፍ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ያንጥፉ። መሀሉ ላይ ድርቆሽ ይከምሩ፤ በተለያዩ ቦታዎች ሰላጣ፣ ኪያርና የማያቃጥለውን ወፍራም ቀይ ቃሪያ ይበትኑ። ቃሪያው ሌላም ጥቅም አለው፤ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በራሱ አካል መሥራት አይችልምና ከምግብ ማግኘት አለበት። አጠገብዎ ወፍራም ፎጣና አንድ ሰፊ ካርቶን ይያዙ።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከተለያየ ጫፍ ያስገቧቸው። አንዱን አስቀድሞ ማስገባት ቦታውን ለእሱ መስጠት ነው። ከዚያ ቁጭ ይበሉ።

ደረጃ 6፦ የሚያዩትን ያንብቡ

የመጀመሪያው ሰዓት ጫጫታ የበዛበት ነው። የትኛው ልማድ፣ የትኛው አደጋ እንደሆነ ለይተው ካወቁ እጅዎን ለመሰብሰብ አይቸገሩም።

*የተለመደ፤ አይግቡበት፦* መሽታሸት፣ በተለይ መቀመጫን፤ ወገብን እያወዛወዙ በቀስታ እየተራመዱ ማጉረምረም፤ ማሳደድ፤ መስረር፤ አገጭን ወደ ላይ ቀና አድርጎ መፎካከር፤ ድርቆሽ መነጣጠቅ፤ ተሳዳጁ እየጮኸ መሸሽ። ሴቶችም ይሰራረራሉ፣ ያጉረመርማሉም። ተሳዳጁ ሲያንቋርር የልጆች አንጀት ይላወሳል፤ ነገር ግን "እሺ፣ አለቃ አንተ ነህ" እያለ ነው። መሸሹና ማጎንበሱ ስምምነት እየተፈጠረ መሆኑን ያሳያል።

*ዓይንዎን የማይነቅሉበት፦* ጥርስን ደጋግሞ ማፋጨት፤ የማጅራት ፀጉር መቆም፤ ጥርስ እያሳዩ አፍን መክፈት፤ ፊት ለፊት ቆሞ መተያየት፤ ፀጉር መቆንጠር። ፎጣውን ይያዙ፤ ነገር ግን አይወርውሩት። አንዱ ፊቱን ካዞረ ወይም ከሸሸ አልፏል። ሁለቱም ካልተበገሩ ድርቆሽና ቅጠል ጣል ያድርጉላቸው፤ መብላት ብዙ ጊዜ ጠቡን ያስረሳል።

*ወዲያው የሚለያዩበት፦* ሁለቱም ወደ ላይ ተነስተው እየተወረወሩ መናከስ፤ ተቆላልፈው እንደ ኳስ መንከባለል፤ ደም መፍሰስ። በዚህ ጊዜ ባዶ እጅ አያስገቡ፤ ጥርሳቸው ጥልቅ ቁስል ያወጣል። ፎጣውን ይጣሉባቸው ወይም ካርቶኑን በመካከላቸው ያስገቡ፤ ከዚያ አንዱን በፎጣው ጠቅልለው ያንሱ። ጆሮ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት በሽሽት ወቅት የመጣች ልትሆን ትችላለች። የጥርስ ቀዳዳ ያለው ንክሻ ግን ላዩ ቢደርቅም ውስጡ መግል ሊቋጥር ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ለማስማማት ተብለው ከሚነገሩ ዘዴዎች ሁለቱን ይተዉ። አንደኛው ሁለቱን በአንድ ላይ ማጠብ ነው። ውሃ ውስጥ ፀጥ የሚሉት ስለተዋደዱ ሳይሆን ስለፈሩ ነው፤ ብርድም ሊመታቸው ይችላል። ሁለተኛው "ተጠጋግተው ይልመዱ" ብሎ ጠባብ ሳጥን ውስጥ መክተት ነው፤ መሸሻ መንፈግ ጠብን ያባብሳል እንጂ አያበርድም።

ደረጃ 7፦ ወደ ጋራ ቤት ያዛውሯቸው

ጎን ለጎን ሲበሉ፣ ሲተኙ ወይም ራሳቸውን ሲያጸዱ ካዩ ነገሩ መልክ ይዟል። አንዳንዶች በግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዶች እስከ ማታ ድረስ ይቆያሉ። ማሳደዱ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አይጠብቁ፤ እየላላ ከሄደ ይበቃል። ለጥቂት ሰዓታት በእርጋታ ከቆዩ በኋላ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ተዘጋጀው ቤት ያስገቧቸው።

ቤቱ ሲገቡ ማጉረምረሙ እንደ አዲስ ሊነሳ ይችላል፤ አዲስ ቦታ አዲስ ድርድር ይፈልጋል። ለዚህ ነው በጠዋት መጀመር የሚያስፈልገው፤ መሽቶ ሳይተኙ በፊት ይህንንም ማየት ይኖርብዎታል። ደም እስካልፈሰሰ ድረስ "ለሌሊቱ ብቻ" ብለው አይለያዩአቸው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይከታተሉ

ማዕረጉ እስኪጸና ድረስ እስከ ሁለት ሳምንት ትንንሽ ግጭት ይኖራል። ሴቶች በየ16 ቀኑ ገደማ ለወንድ ሲደርሱ ለአንድ ቀን ያህል ይቆጣሉ፣ ይሰራረራሉም፤ ይህ የስምምነት መፍረስ አይደለም።

በዝምታ የሚመጣው ጉዳት ግን ከጫጫታው ይከፋል። አለቃው ሳይነክስ ሌላውን ከምግብ ሊያግደው ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። ለመጀመሪያው ወር ሁለቱንም በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃል። የአንዱ ክብደት በተከታታይ ከቀነሰ ተጨማሪ ሳህንና መደበቂያ ያስገቡ፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ከጎደለ ሐኪም ጋር ይውሰዱት። ለአንድ ቀን ሙሉ ያልበላ ጊኒ ፒግ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽተኛ ነው፤ አንጀቱ ሥራ ካቆመ ቶሎ ይሞታል።

ሐኪም ጋር ሲሄዱ ጓደኛውንም ይዘው ይሂዱ። ለብቻው ሄዶ የክሊኒክ ሽታ ይዞ የተመለሰ እንስሳ እንደ ባዕድ ሊታይና የተቋጨው ድርድር ሊቀሰቀስ ይችላል።

መልካሙንም ምልክት ልብ ይበሉ። ተከታትለው በአንድ መስመር መሄድ፣ ቅጠል ሲያዩ በአንድነት መጮህ፣ ተቀራርበው መጋደም፣ ድንገት ወደ ላይ እየተፈናጠሩ መቦረቅ፤ እነዚህን ካዩ ተሳክቶልዎታል።

ሳይስማሙ ቢቀሩ

ደም ከፈሰሰ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ለይተው ያቆዩአቸው። ከዚያ ልምድ ባለው የመጠለያ ሠራተኛ እገዛ፣ ከበፊቱ በሰፋ ቦታ እንደገና መሞከር ይቻላል። ዳግመኛ ከተናከሱ ይብቃ። ሁሉም ከሁሉም ጋር አይስማማም።

ያኔ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቤቱን በሽቦ ከፍሎ ጎን ለጎን ማኖር ነው። መነካካት ባይችሉም ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ይጠራራሉ። ሁለተኛው እንግዳውን ለመጠለያው መልሶ ሌላ መሞከር ነው። ሁለቱም ወንዶች ከሆኑ ሁለቱን አስኮላሽቶ ለእያንዳንዳቸው ሴት ማምጣትም መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ቦታና ወጪ ይጠይቃል።

ከወዲሁ የሚታሰብበት

ጊኒ ፒግ በአማካይ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ከጥንድ አንዱ መቅደሙ አይቀርም፣ የቀረውም እንደገና ጓደኛ ይፈልጋል። ሁልጊዜ ትንሽ ግልገል እያመጡ ከቀጠሉ ሰንሰለቱ ማብቂያ የለውም፤ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም እርስዎ ድርቆሽ ሲገዙ ይኖራሉ። ማቆም ከፈለጉ ለቀረው አዛውንት በዕድሜ የሚቀርበውን ከመጠለያ ይውሰዱ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለዚሁ ሲባል ጊኒ ፒግ በኪራይ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ አዛውንቱ ሲሞት ተከራዩ እንስሳውን ለባለቤቱ ይመልሳል። እርስዎም ሲወስዱ ከመጠለያው ጋር ይነጋገሩና፣ ብቻውን ከቀረ መልሰው ለመቀበል መስማማታቸውን በጽሑፍ ይያዙ።